ተላላፊ በሽታና ክትባት ላይ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የጤና መኮንን ነኝ። ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ የክትባት ክፍሉንም የምከታተለው እኔ ነኝ። ተላላፊ በሽታና ክትባት ላይ የሚሠራ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ሐኪም ሳልሆን ይቻላል? ሥራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው ወይስ መስክ ላይ? የትኛውን ማስተርስ ልማር? ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ እንጀራ ይወጣዋል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከቀላሉ ልጀምር። ሐኪም መሆን የግድ አይደለም። የጤና መኮንን ሙያ እኮ እዚህ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ማከሙንም መከላከሉንም አንድ ላይ ይዞ ገጠር የሚወርድ ባለሙያ ለማፍራት ነበር የታሰበው። ስለዚህ ከሌላ ቤት መጥተሽ በር እያንኳኳሽ እንዳይመስልሽ። ይሄ ቤትሽ ነው።

ላብራቶሪ ወይስ መስክ ላልሽው፣ የሚወስነው የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። ክትባቱ በልጁ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም በሽታውን የሚዋጋ መከላከያ፣ ፈጥሯል ወይ ብለሽ ከጠየቅሽ ላብራቶሪ ያስፈልግሻል። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በሥጋ ደዌ ምርምር የጀመረው አርመር ሐንሰን የምርምር ተቋምም አለ፤ እነዚያ ቤቶች ውስጥ ዕድሜያቸውን በማይክሮስኮፕና በናሙና ያሳለፉ ጎበዞች አሉ። ክትባቱ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ልጁ ለምን ሳይከተብ ቀረ ብለሽ ከጠየቅሽ ግን መንገዱ በእግር ነው። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። የምነግርሽም ከዚያ ወገን ሆኜ ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ጥያቄ አንድ ነው። መዝገብ ላይ የሌለው ልጅ የት ነው ያለው? ሌላው ሁሉ፣ ስታቲስቲክሱም፣ ናሙናውም፣ ጆርናሉም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ለምን መሰለሽ? መዝገብ የሚነግርሽ ስለመጣው ልጅ ብቻ ነው። ያልመጣው አልተጻፈም። አንቺ ራስሽ ሪፖርት ስለምትሠሪ ታውቂዋለሽ፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የተከተቡትን ትቆጥሪና ወረዳው በሰጠሽ የዕቅድ ቁጥር ታካፍያለሽ። ያ ከታች ያለው ቁጥር፣ እኛ ዲኖሚኔተር የምንለው፣ ከየት መጣ? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው። ሰው ተፈናቅሏል፣ ከተማ ገብቷል፣ አዲስ ሰፈር ተቆርቁሯል። ስለዚህ አንዱ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሽፋን ሪፖርት ያደርጋል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ እየሠራ ሰነፍ ይባላል። ከመቶ በላይ የሚሄድ ሽፋን ያየ ሰው መሳቅ የለበትም። ያ ቁጥር የሚነግርሽ ስንት ልጅ እንዳለ በትክክል የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ነው።

ቤት ለቤት የሚሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሌላ ሥዕል ያሳያል። ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች ውስጥ መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2000 14 በመቶ ነበሩ። በ2005 20፣ በ2011 24፣ በ2016 39 በመቶ ደረሱ። ይሄ ትልቅ እድገት ነው፤ ጤና ኬላ ላይ ቁጭ ብለው፣ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ከቤት ቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን የደከሙበት ነው። ግን በ2016ም ከአሥር ልጅ ስድስቱ አልተሟላለትም። በየወረዳው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግራፍ ይህን አይልም። አየሽ፣ ተመራማሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደማይገናኙ ወርዶ የሚያይ ሰው።

ኩፍኝን እንውሰድ፤ ይሄን ሙያ ከኩፍኝ በላይ የሚያስተምር በሽታ አላውቅም። አንድ የታመመ ልጅ ማንም ባልተከተበበት ቦታ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። እሱን ለማቆም ከመቶው 95 ያህሉ የመከላከል አቅም ሊኖረው ይገባል። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ዶዝ ደግሞ የሚከላከልለት ከመቶ ልጅ 85 ያህሉን ነው። አሁን ወረቀት አውጪና አብረን እናስላ። በዓመት 1000 ልጅ የሚወለድበት አካባቢ አለሽ እንበል። 800ውን ከተብሽ፤ ጥሩ ሠርተሻል። የዳኑት ግን 680 ናቸው። 320 ልጅ ተጋልጦ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 320፣ በሦስተኛው ሌላ 320። በሦስት ዓመት 960፣ ማለትም የአንድ ዓመት ውልድ ሙሉ በሙሉ ሊባል ይችላል፣ ኩፍኙን እየጠበቀ ነው። ወረርሽኝ «በድንገት ተከሰተ» ሲባል ስትሰሚ ይህን አስቢ። በየጥቂት ዓመቱ ዘመቻ የሚደረገው፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮም በ15 ወር ሁለተኛ ዶዝ የተጨመረው በዚህ ስሌት ነው።

ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ወረዳው ይደውልና «ከታመሙት ውስጥ ከግማሽ በላይ የተከተቡ ናቸው፣ ክትባቱ ተበላሽቷል» ይላል። ቤተሰብም ይህን ይሰማል፣ ወሬውም ይዛመታል። ተረጋጊና ቁጠሪ። 1000 ልጅ አለ፣ 900ው ተከትቧል፣ 100ው አልተከተበም። በሽታው ሁሉንም አገኘ። ያልተከተቡት 100ውም ታመሙ። ከተከተቡት ውስጥ 15 በመቶው፣ ማለትም 135 ልጅ ታመመ። ከ235 ታማሚ 135ቱ የተከተበ ነው። ግን ክትባቱ ልክ እንደሚጠበቅበት 85 በመቶ ሠርቷል! 765 ልጅ አድኗል፤ የዳነ ልጅ ጤና ጣቢያ ስለማይመጣ ማንም አያየውም። ይህንን ስሌት ለወረዳው ኃላፊም፣ ለአንዲት የተቆጣች እናትም ቁጭ ብለሽ በትዕግሥት ማስረዳት ከቻልሽ ግማሹን ሙያ ይዘሻል። ቁጥሩ ከዚህ የባሰ ሆኖ ሲመጣ፣ ያኔ ፍሪጁን ሂጂና እዪ።

ፍሪጁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ ይንቀዋል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ሰው የሚፈራው ግን ሙቀቱን ብቻ ነው። አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች ክትባቱ፣ የቴታነሱ፣ እነዚህ ከመቀዝቀዝ አልፈው በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ፤ በኋላ ቀልጠው ሲታዩ ግን ደህና ይመስላሉ። ለመስክ ስትወጪ አይስ ፓኩ ከፍሪዘር በቀጥታ ወጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ፣ ውስጡ ውሃ መንቦጫረቅ እስኪጀምር ሳይጠበቅ ማለት ነው፣ ብልቃጡ መንገድ ላይ በረዶ ሊሆን ይችላል። በደጋው ሌሊት ደግሞ አስቢው። ልጁ ካርዱ ላይ «ተከትቧል» ተብሎ ይጻፍለታል፣ መዝገቡም ሙሉ ነው፤ ልጁ ግን ምንም አላገኘም። ይሄ መዝገብ ላይ ያለ ግን የሌለ ልጅ ነው። እሱን የሚያገኘው የቴርሞሜትሩን ታሪክ የሚያነብ ተመራማሪ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሙያ ሕይወት ጠይቀሻልና፣ አንድ ሰው ልንገርሽ። ሲሮ ደ ኳድሮስ ይባላል፣ ብራዚላዊ ነው። ሐኪም ነበር፤ ነገር ግን ስሙን ያስጠራው ሥራ የሐኪም ሥራ አልነበረም። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ እዚህ አገር በጥር 1971 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የመስክ ሥራውን ከመሩት ባለሙያዎች አንዱ ሆኖ እስከ ዘመቻው ማብቂያ ድረስ ሠርቷል። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። መንገድ የለም፣ ስልክ የለም፣ ሰዉም ክትባቱን ይጠረጥራል፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ሰዉ ራሱ ከታመመ ሰው ቁስል እየወሰደ ለጤነኛው ማስተላለፉን ይመርጥ ነበር። ሁሉንም ሰው መከተብ አልተቻለም። ስለዚህ የተሠራው ሌላ ነው። ታማሚውን ፈልጎ ማግኘት፣ በዙሪያው ያሉትን መከተብ፣ ቀጣዩን መፈለግ። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ምሥራቅ ናይጄሪያ ላይ፣ ክትባት ሲያንሳቸው ዊሊያም ፌጊና ባልደረቦቹ የሞከሩት ነው። በገበያ ቀን ሥዕል ይዞ «እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው የት አያችሁ?» ብሎ መጠየቅ ትልቁ መሣሪያቸው ነበር። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ፤ በዓመቱ በጥቅምት 1977 ደግሞ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ሶማሊያ፣ መርካ ላይ ተገኘ።

የደ ኳድሮስ ታሪክ እዚያ አላበቃም፤ ላንቺ የሚጠቅመውም ቀጣዩ ነው። ከኢትዮጵያ ሲወጣ የአሜሪካ አህጉር የጤና ድርጅት ውስጥ ክትባትን ይመራ ጀመር። ፖሊዮን ከአህጉሩ ለማጥፋት የተከተሉት መንገድ ያው ነበር፤ ክትባቱን በሰፊው መስጠት፣ ከዚያ ደግሞ እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ በተሰማ ቁጥር ሄዶ መመርመር። የአህጉሩ የመጨረሻ ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1991 ፔሩ ላይ ተገኘ፣ በ1994 አህጉሩ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ በየጤና ጣቢያችሁ ግድግዳ ላይ «ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እግሩ ወይም እጁ በድንገት የዛለ ልጅ ካያችሁ ሪፖርት አድርጉ» የሚለው ማሳሰቢያ አለ አይደል? ሰገራው ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። ፖሊዮ ባይኖርም ከ100 ሺህ ልጅ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ታማሚ በዓመት መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ፖሊዮ የለም ማለት አይደለም፣ የሚፈልግ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን አስተሳሰብ በጣም እወደዋለሁ። ዝምታን እንደ መልካም ዜና አለመቀበል።

ከዚህ ተነስቼ ስለ ማስተርስ ጽሑፍ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅር ሊላቸው ይችላል። «በእገሌ ወረዳ የክትባት ሽፋንና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ቴሲስ በቃን። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ሞልቷል። ውጤቱንም ሳናነበው እናውቀዋለን። የእናት ትምህርት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የጤና ተቋም ርቀት። እነዚህ እውነት ናቸው፣ ግን አንድ ተማሪ ከአንድ ዓመት ልፋት በኋላ ያንኑ ደግሞ ሲጽፍ አዝናለሁ። ለወረዳው ኃላፊ ነገ ጠዋት ምን ያደርግ ዘንድ ነገርነው? የእናቶችን ትምህርት በአንድ ዓመት ሊለውጥ አይችልም።

አንቺ ግን የተሻለ ጥያቄ እጅሽ ላይ አለ። የኩፍኝ ብልቃጥ አሥር ዶዝ ነው። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ሕጉ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደቡብ ሱዳን፣ ካፖኤታ አካባቢ በአንድ ሲሪንጅ ለቀናት ተበጥብጦ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ ክትባት 15 ልጆችን ገድሏል። ስለዚህ ይጣላል። ታዲያ ማክሰኞ ሦስት እናት ብቻ ብትመጣ ባለሙያዋ ምን ታድርግ? ሰባት ዶዝ ጣልሽ ተብላ እንዳትጠየቅ ትፈራለች። «ሐሙስ ተመለሺ» ትላለች። እናትየዋ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ ነው፣ ልጅ አዝላ፤ ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው። አትመለስም። ከዚያ ጥናቱ ሲወጣ «የእናት ግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ይጻፋል! ይሄ ያናድደኛል። እናትየዋ መጥታ ነበር። የመለስናት እኛ ነን። በየጤና ጣቢያው ስንት እናት እንዲህ እንደተመለሰች የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚጣለው ዶዝ ዋጋና የሚቀረው ልጅ ዋጋ ጎን ለጎን ተቀምጦ መታየት አለበት።

ስለ ወሬና ፍርሃትም መስክ ላይ ብዙ ይገጥምሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሲጀመር «ያመክናል» የሚል ወሬ ስንት ቦታ አስቸግሯል። እኔ የምመክርሽ፣ ከመመለስሽ በፊት ጠይቂ። ማን አለ? መቼ ሰሙ? ብዙ ጊዜ ከወሬው ሥር እውነተኛ ነገር አለ። አንድ ልጅ ከክትባት በኋላ አተኩሶታል፣ እናትየዋ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ማንም አልነገራት፣ ብቻዋን ሌሊቱን ስትጨነቅ አድራለች። እሷን መሃይም ማለት ነውር ነው። ሄዶ ልጁን ማየት፣ መመዝገብ፣ መመርመር፣ ከዚያ ያገኙትን ተመልሶ ለእሷና ለጎረቤቶቿ መንገር፤ ይህ የምርምሩ አካል ነው። የሰው ቤት ገብተሽ፣ ቡና ጠጥተሽ፣ ሁለት መቶ ጥያቄ ጠይቀሽ፣ ውጤቱን ጆርናል ላይ ብቻ አውጥተሽ መቅረት የለብሽም።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራጭ የሚያጠናው)፣ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና ስታቲስቲክስ)፣ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ሦስቱም ያደርሱሻል። ላንቺ የምመርጠው ግን የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው የተጀመረው፣ አሁን ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጡታል። ሁለት ዓመት ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ወረርሽኝ ትመረምሪያለሽ፣ የበሽታ ቅኝት ሥርዓት ትገመግሚያለሽ፣ ሪፖርት ትጽፊያለሽ። ጉድለቱ ስታቲስቲክስ ላይ ትንሽ ሊያሳጥርብሽ ይችላል፤ እሱን አር የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ከአሁኑ እየተለማመድሽ ሙይው። ፒኤችዲ ከፈለግሽ በኋላ ይደርሳል። በዓመታት ሂደት አንድ ሕዝብ የሚለወጠውን ማየት የምትወጂ ከሆነ ደግሞ እንደ ቡታጅራ ያሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት የተመዘገበባቸውን የጥናት ጣቢያዎች ሥራ ፈልገሽ አንብቢ። ዲኖሚኔተሩ በትክክል የሚታወቅበት ቦታ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያኔ ይገባሻል።

እንጀራው? እውነቱን ፈልገሻል። በዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ብቻ ይከብዳል፣ በተለይ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተሽ። አብዛኛው ተመራማሪ ኑሮውን የሚደጉመው በፕሮጀክትና በማማከር ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ ደግሞ አጭር ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይመጣና ይቆማል፣ የለጋሹ ፍላጎት ሲቀየር ያንቺም ርዕስ አብሮ እንዲቀየር ይጠበቃል። ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ተጠልፈው አይቻለሁ። አበሉ ጥሩ ስለሆነ የሰው ዳታ ሲሰበስቡ፣ የሰው ጥያቄ ሲያስፈጽሙ ዓመታት ያልፋሉ፣ የራሳቸው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። ያንን ሥራ አትሥሪ አልልሽም፣ መኖር አለና። ግን ስትገቢ ጽሑፉን ማን ይጽፋል፣ ስም በምን ቅደም ተከተል ይገባል፣ ዳታው የት ይቀመጣል፣ ናሙና ውጭ የሚሄድ ከሆነ በምን ስምምነት ይሄዳል የሚለውን ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ጠይቂ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከደረሰብኝ የምነግርሽ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያልተጠየቀ ነገር መጨረሻ ላይ ጠብ ይሆናል።

ከሥራሽ ገና አትልቀቂ። የተቀመጥሽበት ቦታ ብዙ ፕሮፌሰር የማያገኘው ቦታ ነው። ከጤና ጣቢያው ኃላፊና ከወረዳው ፈቃድ ጠይቂና አንድ ቀላል ሰንጠረዥ አዘጋጂ። በእያንዳንዱ የኩፍኝ ክትባት ቀን ስንት እናት መጣች፣ ብልቃጥ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም፣ ስንት ዶዝ ተጣለ፣ ስንቷ ተመለሺ ተባለች፣ እንዲህ ከተባሉት ውስጥ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስንቷ መጣች። ለራስሽ በምትይዥው ሰንጠረዥ ላይ የማንንም ስም አትጻፊ፣ ቁጥር ብቻ ይሁን። ተመለሺ የተባሉትን ለይቶ የሚያውቀው የጤና ጣቢያው መዝገብ ይሁን፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ መፈለጉም የመደበኛ ሥራሽ አካል ስለሆነ አትተዪው። ሦስት አራት ወር ያዢው። ለማስተርስ ስታመለክቺ ለምን መማር እንደምትፈልጊ በሚጠየቅበት ቦታ ላይ ያንን ሰንጠረዥ አያይዢና ከሥሩ ጥያቄሽን በሁለት መስመር ጻፊ። አማካሪ ስትመርጪም ሰንጠረዡን አሳዪው፤ ቁጥሮቹን አይቶ ወዲያው ስለ ሐሙሱ ገበያ የሚጠይቅሽን ሰው ምረጪ።